ከሥር ያለው ጥቁር ደለል፦ የባሕር ሣርን በገንዳ ስለማብቀል

ድሬዳዋን ከደቡብ በኩል ያቀፉት የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበሩ። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ይህን አገር ሞቃት ባሕር ሸፍኖት ነበር። ዛሬ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ድንጋይ የዛጎልና የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ግርጌ ላይ ተጠራቅሞ፣ ተጭኖና ጠጥሮ የቀረ ደለል ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ በመስኮት ወደ ተራራው ያያሉ። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ እስካሁን አብሬያቸው አያለሁ።

ሰሞኑን ወደዚህ ነገር የመለሰኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከጅቡቲ የደወለችልኝ ስልክ ነው። የባሕር ሣር በገንዳ ለማብቀል ከሚሞክሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። «ቲቸር፣ ውኃው አንድ ነው፣ መብራቱ አንድ ነው፣ ሣሩም ከአንድ ቦታ የመጣ ነው» አለችኝ። «በአንዱ ገንዳ ነጭ የዛጎል አሸዋ አደረግን፣ በሌላው ጥቁር ጭቃ። ጭቃው ለም ስለሆነ እሱ ላይ ይፋፋል ብለን ነበር። አሁን ጭቃው ላይ ያለው ከሥሩ እየሟሸሸ ነው። አሸዋው ላይ ያለው ደግሞ አይሞት፣ አያድግ። ምን አጥፍተን ነው?»

ያሰቡት ገበሬ ያሳደገው ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው፤ ጥቁር አፈር ለም ነው፣ አሸዋ ጭንጫ ነው። በእርሻ ማሳ ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ከባሕር ሥር ያለ አፈር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በስልክ የነገርኳት አጭር ነበር፤ ነገሩ ግን ሰፊ ስለሆነና እኔም ስለምወደው እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ስለ ሣሩ። የባሕር ሣርን ብዙ ሰው ከአልጌ ጋር ያምታታዋል። አልጌ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያስፈልገውን በመላ አካሉ ከውኃው ይመጥጣል። የባሕር ሣር ግን እንደ ጤፍና እንደ ማሽላ አበባ የሚያብብ ተክል ነው። ሥር፣ ግንድና ቅጠል አለው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል። አያት ቅድመ አያቶቹ የብስ ላይ የነበሩ ተክሎች ናቸው፤ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ባሕር ተመለሱ። እንግዲህ በድሬዳዋው ጥንታዊ ባሕር ጊዜ ደለሉ ነበረ፣ ሣሩ ግን ገና አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዞስቴራ ማሪና የተባለው ዝርያ ሙሉ የዘር መረጃው ሲነበብ፣ የብስ ተክል ቅጠሉ ላይ ያሉትን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች የሚሠሩ ጂኖች ከውስጡ ጠፍተው ተገኙ። ውኃ ውስጥ ለሚኖር ተክል ቀዳዳው አያስፈልግም፤ ዘመን ሲረዝም መሥሪያውም ተረሳ።

በዓለም ላይ ያሉት ዝርያዎች 70 ቢሆኑ ነው። ከእነሱ ውስጥ ከ10 የሚበልጡት በቀይ ባሕር ይገኛሉ። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ሃሎፊላ የሚባለው፣ ቅጠሉ ከጣት አይበልጥም፤ ኤንሃለስ የሚባለው ደግሞ እንደ ጥብጣብ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። አካሄዳቸው ግን ይመሳሰላል። ሰርዶን ያየ ሰው የባሕር ሣርን አየ ማለት ይቻላል። ዋናው ግንድ አፈር ውስጥ ጋደም ብሎ ይጓዛል፤ በየአንጓው ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ያወጣል። ከሰርዶ የሚለየው ሥሩን የሚሰድበት አፈር አየር የሌለበት መሆኑ ነው።

አየር የሌለበት አፈር

ክረምት ላይ ውኃ የተኛበት የማሽላ ማሳ ለምን ቢጫ ይሆናል? ሥሩ ስለሚታፈን ነው። ደህና አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ አየር ይገባል፣ ሥር ይተነፍሳል። ክፍተቱ በውኃ ሲሞላ ኦክስጅን መንገድ ያጣል፤ ውኃ ውስጥ የሚሰርገው አየር ውስጥ ከሚሰርግበት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነውና። የባሕር ደለል ዕድሜ ልኩን እንዲህ ውኃ የተኛበት ማሳ ነው። ኦክስጅን የሚገኘው ከላይ ባሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች የለም።

ኦክስጅን አለቀ ማለት ግን ሕይወት አለቀ ማለት አይደለም። ከዚያ በታች ያሉ ባክቴሪያዎች የሞተ ቅጠልና ፍርስራሽ መብላታቸውን አያቆሙም፤ እኛ ኦክስጅን በምንተነፍስበት ቦታ እነሱ በሌላ ነገር ይተነፍሳሉ። ባሕር ውስጥ ለዚህ ሞልቶ የተረፈው ሰልፌት ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዞ፣ ከዚያ ውስጥ 2.7 ግራም ገደማው ሰልፌት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሰልፌቱን ተጠቅመው የሚያወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው እሱ ነው። ሽታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሰልፋይድ ሴሎች ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ይዘጋል። ለተክልም ለሰውም መርዝ ነው።

ሣሩ ታዲያ እዚህ መርዝ ውስጥ ሥሩን ሰዶ እንዴት ይኖራል? እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ከቅጠሉ ጫፍ እስከ ሥሩ ጫፍ በቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች የተያያዘ ነው። ቀን ብርሃን ሲያገኝ ቅጠሉ ኦክስጅን ይሠራል፤ የተወሰነው በቧንቧዎቹ ወርዶ ሥሩ ጋ ይደርሳል። ሥሩ ለራሱ ተንፍሶበት የተረፈውን በጫፉ ወደ ደለሉ ያፈስሳል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ለጋ ሥር ዙሪያውን በስስ የኦክስጅን ሽፋን ይከብባል፤ ሰልፋይዱ ሽፋኑ ጋ ሲደርስ ከኦክስጅኑ ጋር ተዋህዶ መርዝነቱን ያጣል።

ሌሊት ግን ብርሃን የለም። ቅጠሉ ኦክስጅን መሥራቱን ያቆምና ከውኃው መለመን ይጀምራል። ውኃው የሚንቀሳቀስና ኦክስጅን ያለው ከሆነ እስከ ንጋት ያደርሰዋል። የቆመ፣ የሞቀና ፍርስራሽ የበዛበት ከሆነ ግን በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ በሥሩ ዙሪያ የነበረው ሽፋን ይጠፋል፣ ሰልፋይዱም በዚያው በአየር መንገዱ ሽቅብ ይገባል። መጀመሪያ የሚያገኘው ቅጠሉ የሚያድግበትን ለጋ ሥፍራ፣ የቅጠሉን እግር ነው። ለዚህ ነው የተመረዘ የባሕር ሣር ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ከእግሩ ሟሽሾ ሳብ ሲያደርጉት የሚመዘዘው።

በሰፊው የሆነበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ደቡብ ጫፍ በፍሎሪዳ ባሕረ ሰላጤ ታላሲያ የሚባለው ሣር በድንገት መሞት ጀመረ፤ 4,000 ሄክታር ያህል መስክ ጨርሶ ጠፋ። ከመንስኤዎቹ መካከል ኦክስጅን ባነሰበት ሞቃት ሌሊት ከደለሉ ወደ ሣሩ የገባው ሰልፋይድ ጎልቶ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያው እንደገና ደርሷል።

ተማሪዬ የነገረችኝ ጭቃ ጉዳይ እዚህ ላይ ይፈታል። ጥቁር የሆነው ፍርስራሽ ስለበዛበት ነው፤ ፍርስራሽ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹ ይበዛሉ፣ ሰልፋይዱም አብሮ ይበዛል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገደብ ከደለሉ ደረቅ ክብደት 5 በመቶ ያህሉ የሕያው ነገር ቅሪት ሲሆን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አብዛኞቹ ዝርያዎች ይቸገራሉ። የድንበር ድንጋይ አይደለም፤ ብርሃኑ ብርቱ ከሆነ ሣሩ ከዚህም የከፋውን ይቋቋማል፣ ብርሃን ካነሰው ቀለል ያለውም ይጥለዋል። የባሕር ሣር በአማካይ ከውኃው በላይ ከሚያርፈው ብርሃን 11 በመቶ ያህል ይበቃዋል ሲባል ብዙ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ጭቃ ላይ ላለ ሣር ግን ያ አይበቃውም፤ ለሥሩ የሚልከውን ኦክስጅንም በዚያው ብርሃን መሥራት አለበትና።

በቅንጣት መጠን ላይ ብዙ አልቆይም። አሸዋ ማለት ከ0.063 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት ነው፤ ከዚያ የደቀቀው ጭቃ ነው። በአሸዋ መካከል ውኃ ይመላለሳል፤ በጭቃ መካከል አይመላለስም። ጭቃ ምግብ ይይዛል፣ አሸዋ ይለቃል። በጣም የደቀቀ ነገር ገንዳ ውስጥ ሲነካ ይደፈርስና ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ተንሳፍፎ ሲመለስም ቅጠሉ ላይ ይተኛል።

ነጩና ቀዩ

የሚበልጠው ጥያቄ ደለሉ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ድሬዳዋ ራሷ ጥሩ መማሪያ ናት።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ወርዳችሁ አንድ እፍኝ አሸዋ ዝገኑ፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። መዳፋችሁ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። የሚያብለጨልጨው ከጥንታዊው ግራናይትና ከአሸዋ ድንጋይ የመጣ ኳርትዝ ነው፤ ጥቁሩ ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ነጭና ቢጫማው ከኖራ ድንጋዩ። ውኃ ከተራራው ምን ያህል ማውረድ እንደሚችል የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ያ ሌሊት የወሰደብንን ሰው ብዛት እያሰብኩ ስለ አሸዋ መጻፍ ይከብደኛል። ለነገሩ ይህ አሸዋ ባሕር አይደርስም። ደቻቱ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው የሚወርደው፤ አዋሽ ራሱ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

አሸዋውን ሳህን ላይ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከኖራ ድንጋይ የመጣው ቅንጣት አረፋ ይደፍቃል፤ ኳርትዙና ባዛልቱ ዝም ይላሉ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኖራ ድንጋይና ዛጎል የተሠሩበት ማዕድን፣ ካርቦኔት፣ አሲድ ሲነካው ይለቀዋል። አቼቶው ደካማ ከሆነ ቅንጣቱን ፈጭታችሁ ሞክሩ። በዚህች የሳንቲም ሙከራ የባሕር ሣር አጥኚዎች ደለልን የሚከፍሉበትን ትልቁን መስመር አያችሁ፦ ከዛጎልና ከኮራል የተሠራው ነጭ የካርቦኔት ደለል በአንድ ወገን፣ ከየብስ ድንጋይ የመጣው ብረት ያለበት ደለል በሌላ ወገን።

ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ይከብዳል፤ ፎስፈረስ ላይና ብረት ላይ።

ፎስፈረስ ገበሬው በዳፕ መልክ የሚያውቀው ምግብ ነው። ካርቦኔት ፎስፌትን ላዩ ላይ አጣብቆ ይይዛል፤ አፈሩ ውስጥ ይኖራል፣ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ግን አይገኝም። ጎተራ ሙሉ እህል ኖሮ ቁልፉ እንደጠፋ ነው። ስለዚህ ነጭ አሸዋ ላይ የበቀለ ሣር ብዙ ጊዜ የሚራበው ፎስፈረስን ነው፤ ከየብስ በመጣ ደለል ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅንን። ሣሩ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሥሩ በሚያወጣው አሲድ ካርቦኔቱን እያሟሟ የተያዘውን ፎስፈረስ ይለቅማል። አቼቶው ሳህን ላይ የሠራውን ሥራ ሥሩ ቀስ ብሎ ደለሉ ውስጥ ይሠራል።

የፎስፈረስ ረሃብ ምን ያህል እንደሚወስን ያሳየ ነገር ፍሎሪዳ ውስጥ ታይቷል። በባሕረ ሰላጤው መካከል ለወፎች ማረፊያ እንጨት ተተከለ። ወፎቹ እያረፉ ኩሳቸውን ጣሉ። በእንጨቶቹ ሥር ያለው ሣር ተፋፋ፤ ቆይቶም ድህነት የለመደው ታላሲያ ሃሎዱሌ ለሚባለው ፈጣን የባሕር ሣር ቦታውን ለቀቀ። ከእንጨቱ ትንሽ ራቅ ሲባል ሣሩ እንደ ድሮው ነው። ነጭ ደለል ላይ ጥቂት የወፍ ኩስ መንደሩን ይለውጣል።

ወደ ብረት ልሂድ፤ ለእኔ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። ብረት ሰልፋይድን ሲያገኝ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ተዋህደው ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይሆናሉ፣ በጊዜ ብዛትም ወርቅ የሚመስለው ፒራይት ይሆናል። የተያዘ ሰልፋይድ ሥር አይመርዝም። ከቀይ አፈር፣ ከባዛልት የመጣ ደለል ብረት ስላለው መርዙን የሚያስርበት ገመድ አለው። ነጭ የካርቦኔት ደለል ግን ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ እዚያ የተፈጠረ ሰልፋይድ እንደ ልቡ ይዞራል። በካርቦኔት ደለል ላይ ብረት እየጨመሩ የሞከሩ ተመራማሪዎች ሰልፋይዱ ሲቀንስና ሣሩ ሲያገግም አይተዋል።

ስለዚህ ጥቁረት ብቻውን አይፈረድበትም። ደለሉ የጠቆረው ብረት ሰልፋይዱን ስለያዘው ሊሆን ይችላል፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። ነጭ ሆኖ የሚሸት አሸዋ ከእሱ የባሰ ሊያሰጋ ይችላል። ተማሪዬን «ቀለሙን ተዪና አሽትተሽ ንገሪኝ» ያልኳት ለዚህ ነው። «ጭቃው ይሸታል ቲቸር፣ ቤቱን ሁሉ» አለችኝ። ብረቱ ቢኖርም ፍርስራሹ በልጦታል፤ ገመዱ አልበቃም ማለት ነው።

ሣሩ በዚህ ትግል ብቻውን አለመሆኑንም ልጨምር። በብዙ የባሕር ሣር መስኮች ሥር ሉሲኒድ የሚባሉ ትናንሽ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ይኖራሉ። በስንጥባቸው፣ ማለትም ውኃ ውስጥ በሚተነፍሱበት አካላቸው ውስጥ፣ ሰልፋይድን እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሏቸው። ሣሩ በሥሩ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዛጎሉና ባክቴሪያው ሰልፋይዱን ያነሱለታል፣ በምትኩም ይመገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህን የሦስትዮሽ ኑሮ ገልጦ፣ በገንዳ ሙከራም ዛጎሎቹ ሲኖሩ ሰልፋይዱ እንደሚቀንስና ሣሩ እንደሚሻለው አሳየ። ደለልን ስናጥብና ስንነፋ እነዚህንም አብረን እናስወጣለን፤ ከዚያ ገንዳው ለምን እንደ ባሕሩ አልሆነም ብለን እንገረማለን።

ገንዳውን ስናሰናዳ

ልምዱ የሌለው ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ከችኮላ ነው። ደለል ከቦታው ሲዛቅ ንብርብሩ ይደባለቃል። ከላይ የነበረው ኦክስጅን ያለበት ስስ ሽፋን ወደ ታች ይገባል፣ ከታች የነበረው ሰልፋይድ ወደ ላይ ይወጣል። ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ንብርብሩ እንደገና እስኪሠራ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያው ቀን የተተከለ ሣር ቢሞት አፈሩ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ የታወከ አፈር ላይ ነው የተተከለው። ንጽሕና ይኑረው ብሎ ደለሉን መቀቀልም ዋጋ ያስከፍላል፤ በደለሉ ያሉት ባክቴሪያዎችና ትናንሽ ፍጥረታት ሲሞቱ ከውስጣቸው የሚወጣው ምግብ በአንድ ጊዜ ውኃው ውስጥ ይፈስስና አልጌ ይነግሣል፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚያመጡትም ባክቴሪያዎች አብረው ይጠፋሉ።

ጥልቀቱም ይታሰብበት። ለትናንሾቹ ለሃሎፊላዎች ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ጠለቅ ብለው ሥር ለሚሰድዱት ለታላሲያ ዓይነቶቹ ግን 15 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ካልሆነ ሥሩ ከገንዳው ወለል ጋር ይጋጫል።

እዚህ አገር ሙቀት ላይ ገንዳ ያለው ሰው ትነትን ይወቅ። ወጥ ሲንተከተክ ውኃው ሄዶ ጨው እንደሚበረታ፣ የገንዳውም ጨው እንዲሁ ይበረታል። የጎደለው ሲሞላ በጨዋማ ውኃ አይደለም፤ ጨው በሌለው ነው። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ግን ለዚህ አይመችም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቀኑ እሱን ስንጨምር ያንኑ ኖራ ገንዳው ውስጥ እናጠራቅማለን። የዝናብ ውኃ ወይም ለባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ይሻላል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ከሁሉ ያስፈራል። ፓምፑ ይቆማል፣ ውኃው ይተኛል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ ሰልፋይድ ሲጠብቀው የነበረው ሰዓት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ። ተማሪዬ ያደረገችው፣ አንድ ገንዳ በአሸዋ አንድ ገንዳ በጭቃ፣ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ሁለት ዓይነት ጤፍ ለማወዳደር አንዱን በአንድ ምጣድ፣ ሌላውን በሌላ ምጣድ ብንጋግር፣ እንጀራው የተለያየው በጤፉ ይሁን በምጣዱ እንዴት እናውቃለን? በአንዱ ምጣድ 20 እንጀራ መጋገርም አያወጣን፤ ምጣዱ ያው አንድ ነው። በአንድ ገንዳ ውስጥ 20 ሣር መትከልም እንዲሁ አንድ ሙከራ እንጂ 20 አይደለም። መፍትሔው ለየደለሉ ብዙ ገንዳ ማድረግና በዕጣ መደልደል ነው። ያ አቅም ከሌለ ደግሞ ደለሎቹን በየማሰሮው አድርጎ ማሰሮዎቹን በእያንዳንዱ ገንዳ ውስጥ ማሰባጠር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውኃው ለሁሉም አንድ ይሆናል፤ ግን ከጭቃው የወጣው ምግብ በውኃው በኩል አሸዋው ላይ ላለውም ይደርሳል። የትኛውን መንገድ እንደመረጥን ስናውቅ ውጤቱ ምን እንደሚነግረን እናውቃለን።

ሌላው፣ አሸዋና ጭቃ በአንድ ነገር ብቻ አይለያዩም። በቅንጣት፣ በፍርስራሽ፣ በብረትና በፎስፈረስ ሁሉ ይለያያሉ። ጭቃው ላይ ሣሩ ሲሞት የትኛው ገደለው? ይህን መለየት የፈለገ ሰው አንዱን ደለል ይዞ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ያው ነጭ አሸዋ፣ በአንዱ ብረት ተጨምሮበት በሌላው ሳይጨመር፤ ያው አሸዋ፣ በአንዱ የደረቀ የሣር ብናኝ ተለውሶበት በሌላው ሳይለወስ። እኔ ገንዳ ቢኖረኝ የምጀምረው ከዚህ ነበር።

እድገትን ለመለካት ደግሞ አንድ የምወደው ዘዴ አለ፤ ከመርፌ በቀር አይጠይቅም። የሣር ቅጠል የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከእግሩ ነው፤ ፍየል ከጋጠው በኋላ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። በቅጠሉ እግር ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከሳምንት በኋላ ቀዳዳው ምን ያህል ወደ ላይ እንደተጓዘ ይለካል። ያ ርቀት የሳምንቱ እድገት ነው። ግን በቅጠል ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ደሃ አሸዋ ላይ ያለ ሣር ምግብ ፍለጋ ጉልበቱን ሥር ላይ ያፈስሳል፤ ቅጠሉ አጭር ሆኖ ከታች ጥቅጥቅ ያለ ሥር ይኖረዋል። ሙከራው ሲያልቅ ነቅሎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ የላዩንና የታቹን ለየብቻ መመዘን ያስፈልጋል። «አይሞት፣ አያድግ» የተባለው የአሸዋው ሣር ሲነቀል ከታች ያላየነው ብዙ ነገር ሊያሳየን ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሣሩ ለሌላው ቤት ስለሆነ ነው። ዱጎንግ በቀይ ባሕር የሚኖር ትልቅ አጥቢ እንስሳ ነው፤ በቀን 30 ኪሎ ግራም ያህል የባሕር ሣር ይግጣል። አረንጓዴው የባሕር ኤሊም ኑሮው በዚሁ ነው፤ የብዙ ዓሣ ጫጩትም የሚደበቀው እዚያ ነው። ሣሩ ከባሕር ወለል 0.2 በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ በባሕር ደለል ውስጥ በየዓመቱ ከሚቀበረው ካርቦን ግን ቢያንስ 10 በመቶው በእሱ ሥር እንደሚቀበር ይገመታል። ያ ካርቦን ሳይበሰብስ የሚቆየውም ከላይ ባወራነው ኦክስጅን ያጣ ደለል ውስጥ ነው፤ ሥሩን የሚያስጨንቀው ነገር ካርቦኑን ይጠብቀዋል።

የጠፋውን መመለስም ይቻላል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በበሽታና በማዕበል የጠፋው ዞስቴራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ተዘርቶለት ዛሬ ከ3,000 ሄክታር በላይ ሸፍኗል። በብዙ ሌላ ቦታ ግን የተተከለው ሳይዝ ቀርቷል፤ ችግኙ ደህና ሆኖ ደለሉ ያልተስማማው ጥቂት አይደለም። ገንዳው የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ በየትኛው አፈር የትኛው ዝርያ እንደሚኖር ባሕር ከመግባቱ በፊት ይነግራል። የቀይ ባሕሩ ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ ለምሳሌ በብዙ ዓይነት ደለል ላይ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1869 ስዊዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ካሪቢያን ውስጥ ግሬናዳ ላይ ተገኘ። ታላሲያ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቦታ ይመርጣል።

ድሬዳዋ ሆኖ ባሕር የሌለው ሰው የዚህን ግማሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ማየት ይችላል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት የተወልን ዘዴ ነው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር በሁለት ጠርሙስ ሠራነው። በአንዱ የታጠበ የደቻቱ አሸዋ፣ በሌላው ከአትክልት ቦታ የመጣ ቀይ አፈር። በሁለቱም ላይ ለባክቴሪያው ምግብ የተቦጨቀ ወረቀት፣ ለሰልፌት አንድ ማንኪያ ጂፕሰም፣ ያው ለኮርኒስ የሚለሰነውን። ውኃ ሞላንበትና መስኮት ዳር አቆምነው። ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ጋዝ ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት ቀዩ አፈር ከታች መጥቆር ጀመረ፤ ጥቁሩ መስመር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ከላዩ ስስ ቀይ ሽፋን ብቻ ቀረ። አሸዋው ግን ግራጫ ሆኖ ቆየ። አንዱ ልጅ ክዳኖቹን ተራ በተራ ከፍቶ አሸተተና ወደ ኋላ አለ። የበለጠ የሸተተው ግራጫው ነበር።